በማን እግር ልክ?

በአማርኛችን «ልክ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ጫማ ስንሞክር «ልኬ ነው» እንላለን፤ ሰው እውነት ሲናገር ደግሞ «ልክ ነህ» እንለዋለን። መለኪያውና ትክክለኛነቱ በአንድ ቃል ተይዘዋል ማለት ነው። ይህ በቋንቋ ረገድ የሚያምር ነገር ቢሆንም በኑሮ ላይ ግን አንድ አደጋ አለው። የአንድ ሰው እግር ተለክቶ «ልኩ ይህ ነው» ከተባለ በኋላ፣ ያ ልክ የማይገጥመው ሌላው ሰው ራሱ ስሕተት መስሎ ይታያል። ጫማው ተሳሳተ አይባልም፤ እግሩ ተሳሳተ ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ስለ ጫማ፣ ስለ ቁጥርና ስለ ቅናሽ ሽያጭ ነው። ርእሱ ለታሪክ ጽሑፍ ትንሽ የሚያንስ ይመስል ይሆናል። ሆኖም የነገሥታትን የዘር ሐረግ ስንቆጥር የከረምን ተማሪዎች አንድ ጊዜ ወደ እግራችን ዝቅ ብለን ብናይ የምናተርፈው ነገር ያለ ይመስለናል።

ሁላችንም ከምናውቀው እንጀምር። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960)፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ሮማ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ በባዕድ አገር ስለ አበበ የተጻፈውና የተወራው ብዙው ነገር ባዶ እግሩ ላይ ያተኮረ ነው። ድሉን የልምምዱ፣ የአሠልጣኙ የኦኒ ኒስካነን እቅድና የራሱ ብልሃት ውጤት አድርጎ ከማየት ይልቅ፣ ከተፈጥሮ ጋር የተወለደ፣ ጫማ የማያስፈልገው አፍሪካዊ አድርጎ ማቅረቡ ቀላል ሆኖ ተገኘ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ታሪኩ በሁለት መንገድ ይነገራል። አንዱ፣ ለአትሌቶች ጫማ ያቀረበው የአዲዳስ ኩባንያ ዘንድ አበበ ሲደርስ የቀሩት ጫማዎች ጥቂት ስለነበሩ እግሩን የሚመች አላገኘም ይላል። ሌላው፣ እዚያው የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን አቆሰለው ይላል። የትኛውንም ብንይዝ የሚያደርሰን አንድ ቦታ ነው፤ ልኩ የሆነ ጫማ አልነበረም። አብሮት የሮጠው አበበ ዋቅጅራም ባዶ እግሩን ሰባተኛ ወጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሰኔ 1953 ዓ.ም.፣ ጃፓን ኦሳካ ላይ ኦኒትሱካ የተባለው ጫማ ሠሪ ተስማሚ ጫማ አቅርቦለት አበበ በጫማ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ ሮጦ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ከሮማው በሦስት ደቂቃ ግድም ይፈጥናል ማለት ነው። እንግዲህ «ተፈጥሮው ነው» የተባለው ነገር ከሮማ እስከ ኦሳካ ዓመት እንኳ አልቆየም።

ነገሩን ወደ ሴቶች ስናዞረው ግን ዘመኑ በጣም ይረዝማል።

በ1920 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1928) አምስተርዳም ላይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ 800 ሜትር ሮጡ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች። በማግሥቱ ጋዜጦች ሯጮቹ እየተዘረሩ ወደቁ፣ ለማየት የሚዘገንን ነበር እያሉ ጻፉ። በኋላ ፊልሙና ውጤቱ ሲመረመር የገቡት ዘጠኙም ሴቶች ሩጫውን ጨርሰው እንደነበር ታወቀ። ወንድ ሯጭ መጨረሻው መስመር ላይ ሲወድቅ «ጀግና፣ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰጠ» ይባል የለም? ሴቷ ስትደክም ግን «አቅሟ አይደለም» ተባለ። ከዚያም ከ200 ሜትር በላይ ያለው ሩጫ ለሴቶች ለ32 ዓመት ተዘጋ። የተከፈተው መቼ ነው ቢባል፣ አበበ ባዶ እግሩን በሮጠባት በዚያችው በሮማ ነው፤ ያውም እስከ 800 ሜትር ብቻ። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ የገባው በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ፣ 10 ሺሕ ሜትሩ ደግሞ በ1981 ዓ.ም. መባቻ ሴኡል ላይ ነው። በሁለቱም ላይ አገራችን አልተካፈለችም። ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ያ ውድድር ለሴቶች በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር።

ይህ ከጫማ ጋር ምን ያገናኘዋል? ያገናኘዋል እንጂ! ሩጫው ለሴት ከተከለከለ ለሴት ሯጭ ጫማ የሚሠራ ነጋዴ ከየት ይመጣል? ጫማ የሚሠራው በእግር አምሳል በተቀረጸ ነገር ላይ ነው፤ ቆዳው ወይም ጨርቁ በእርሱ ላይ ይወጠራል፣ ሶሉም በእርሱ ልክ ይቆረጣል። ይህንን አምሳል ለመቅረጽ የብዙ ሰው እግር መለካት አለበት። ለረጅም ጊዜ የተለካው የወንድ እግር ነበር። ለሴት ሲታሰብ ያው የወንዱ አምሳል አነስ ተደርጎ፣ ቀለሙ ተለውጦ ይቀርብ ነበር። ችግሩ የሴት እግር የወንድ እግር ታናሽ ወንድም አለመሆኑ ነው። ርዝመታቸው እኩል የሆነ የወንድና የሴት እግር ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ በአብዛኛው የሴቷ ተረከዝ ከፊተኛው የእግሯ ክፍል አንጻር ጠበብ ያለ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ርዝመቱ የተስማማት ጫማ ተረከዟ ላይ ይላወሳል፤ የሚላወስ ጫማ ደግሞ ይፍቃል፣ የተፋቀ ይቆስላል።

ቁጥሩም ራሱ ታሪክ አለው። የእንግሊዞቹ የጫማ ቁጥር መነሻው የገብስ ፍሬ ርዝመት ነው፤ አንድ ቁጥር ማለት የአንድ ኢንች ሲሶ ነው። አሜሪካኖቹ ለወንድና ለሴት የተለያየ መቁጠሪያ ስላላቸው፣ በአንድ ርዝመት ላይ የሴቷ ቁጥር ከወንዱ በአንድ ተኩል ግድም ይበልጣል። እኛ አገር የተለመደው የአውሮፓው ቁጥር ደግሞ የአንድ ሴንቲ ሜትርን ሁለት ሦስተኛ አንድ ብሎ ይቆጥራል፤ 42 ቁጥር 28 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህኛው ቁጥር ወንድና ሴት አይለይም፤ 39 ለሁሉም 39 ነው። ልዩነት የሚያመጣው ሻጩ ነው። «የወንድ» ያለውን ከ40 ጀምሮ ይደረድራል፣ «የሴት» ያለውን 40 ላይ ሲደርስ ያቆማል። 38 ቁጥር የሚያደርገው ወንድና 42 የምታደርገው ሴት ከሁለቱም መደርደሪያ ውጭ ቆመው ይቀራሉ።

አሁን ወደ ቅናሹ እንምጣ። ቅናሽ ባለበት ሁሉ ገደብ አለ። ይህን ከቀበሌ ሱቅ ዘመን ወላጆቻችን ያውቁታል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በተቋቋሙት ቀበሌዎች፣ ስኳሩም ሳሙናውም በራሽን፣ በቤተሰብ ካርድ፣ በሰልፍ ይሸጥ ነበር። ገደቡ የወጣው አንዱ ጠቅልሎ ወስዶ በውድ እንዳይሸጠው ነው፤ ይህ ተገቢ ምክንያት ነው። ግን ስኳር ቁጥር የለውም። ሁለት ኪሎ ስኳር ለማንም ሁለት ኪሎ ነው። «ለአንድ ሰው አንድ» የሚለው ሕግ በስኳር ላይ እኩልነት ሊሆን ይችላል፤ በጫማ ላይ ግን የማይሆን ቁጥር ለደረሰው ሰው አንድም ዜሮም ያው ነው።

በውጭው ዓለም የተራራ ዕቃ የሚሠሩ ኩባንያዎች «የባለሙያ ቅናሽ» የሚሉት አሠራር አላቸው። ለተራራ መሪዎች፣ ለነፍስ አድን ሠራተኞች፣ ለአሠልጣኞች ጫማውን፣ ቦርሳውንና ካፖርቱን በርካሽ ይሸጡላቸዋል። ገደቡም በዓመት ይህን ያህል ብቻ፣ ለራስ መጠቀሚያ ብቻ፣ መልሶ መሸጥ ክልክል የሚል ነው። ሕጉ ሲነበብ ወንድ ሴት አይልም። ነገር ግን በሴት ልክ የሚሠራው ዓይነት ጥቂት በሆነበት፣ ሴቷ ያላት ምርጫ የወንዱን መውሰድ ነው። ስትወስድም «ለራስ ብቻ» የሚለው ሕግ «ለባልሽ ነው እንዴ?» ወደሚል ጥርጣሬ ሊለወጥባት ይችላል። ሕጉ እኩል ተጽፎ ሳለ ሸክሙ እኩል አልተከፈለም።

ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልገንም። ከዚህ ከቂሊንጦ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ላየ ሰው የረር ተራራ ፊት ለፊቱ ነው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተሰባሰቡ ተማሪዎች ተራራውን ለመውጣት ተነሡና፣ አንድ ነጋዴ የተራራ ጫማ በቅናሽ ሊሸጥልን ተስማማ። ሕጉ ለአንድ መታወቂያ አንድ ጥንድ፣ ከተወሰደ በኋላ መመለስም መለወጥም የለም የሚል ነበር። ጫማው ሲመጣ ከ40 እስከ 44 ቁጥር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሴቶቹ ምን ያድርጉ? አንዳንዶቹ ተዉት። አንዳንዶቹ 40ውን በሁለት ካልሲ አጠበቡት። አንድ እግሩ ትንሽ የሆነ ወንድ ጓደኛችንም በኀፍረት ዝም ብሎ 40 ወሰደ። በጉዞው ቀን ገና ግማሽ ሳይደረስ ካልሲ የደረቡት ሴቶች ተረከዛቸው ተልጦ ተመለሱ። ያ ወንድ ጓደኛችንም ተመለሰ። ማታ ካፍቴሪያ ውስጥ የተወራው ግን «ሴቶች ተራራ አይሆንላቸውም» የሚል ነበር። ስለ ወንዱ የተወራው «ዛሬ አሞት ነው» የሚል ነው። የ1920ው የአምስተርዳም ወሬ ሻይ እየተጠጣበት ቂሊንጦ ድረስ መጣ ማለት ነው!

ነጋዴው መልስ አለው፤ «ትንሹ ቁጥር አይሸጥም፣ አምጥቼ ይከምርብኛል» ይላል። በከፊል እውነቱን ነው። ገንዘቡን በማይሸጥ ዕቃ ላይ ማሰር አይፈልግም። ግን የሚፈልጉትን ሰዎች ቁጥር ሳይጠይቅ የማይሸጥ መሆኑን በምን አወቀ? የሴት ልክ ጫማ መሥራት ከባድ ነው እንዳይባል ደግሞ፣ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በዱከም የቻይናው ሁዋጂያን ፋብሪካ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሴት ጫማ እየሠራ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሲልክ ኖሯል። የሰፉትም በአብዛኛው የእኛው አገር ወጣት ሴቶች ናቸው። እጁም፣ መኪናውም፣ ልኩም እዚሁ አጠገባችን ነበር፤ የጎደለው የገዢውን እግር አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

በዓለም ደረጃም ነገሩ ገና አላለቀም። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) የዓለም አትሌቲክስ፣ ሯጮች በውድድር የሚያደርጉት ጫማ የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥና በገበያ ላይ የሚገኝ እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ቀጥሎም ከኩባንያ ጋር ውል የሌላቸው ምርጥ አትሌቶች ጫማውን የሚያገኙበትን አሠራር ጨመረበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን «በገበያ ላይ ይገኛል» ማለት ምን ማለት ነው? መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትእግሥት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የቀድሞውን የሴቶች ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። (ክብረ ወሰኑ በዓመቱ በኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ተሻሽሏል።) ትእግሥት ከገባች በኋላ ከፍ አድርጋ ያሳየችው የአዲዳስ ጫማ ዋጋው 500 ዶላር ሲሆን መጀመሪያ ለሽያጭ የቀረበው 521 ጥንድ ብቻ ነበር። ኩባንያው ቅለቱን ሲያስተዋውቅ 138 ግራም ነው አለ። የተመዘነው ግን በእንግሊዝ ቁጥር ስምንት ተኩል የሆነው ጫማ ነው፤ በእኛ ቁጥር 42 አለፍ ይላል፣ የተለመደ የወንድ ቁጥር ማለት ነው። ክብረ ወሰኑን የሰበረችው ሴት፣ ሚዛን ላይ የወጣው የወንድ ልክ!

እንግዲህ ምን እንበል? ታሪኩ ደጋግሞ የሚያሳየን አንድ ዓይነት አካሄድ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ልካቸውን ይከለከላሉ። ከዚያ ሲያነክሱ፣ ሲቀሩ ወይም ባዶ እግራቸውን ሲሄዱ ይታያሉ። በመጨረሻ ያ የታየው ነገር ተፈጥሯቸው ነው ተብሎ ይጻፋል። የታሪክ ተማሪ ሥራ ይህን ቅደም ተከተል ወደ ኋላ መልሶ ማንበብ ይመስለናል፤ «አልቻለችም» የሚል ጽሑፍ ባየን ቁጥር «ምን ሰጥተዋት ነበር?» ብሎ መጠየቅ።

ለራሳችንም የሚሆን ተግባራዊ ነገር አለ። በዚህ ዓመት ወደ የረር ወይም ወደ ዝቋላ የሚወጣ ቡድን ከማንም ነጋዴ ጋር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የተመዝጋቢዎቹን የእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይሰብስብ፤ «ወንድ» «ሴት» ብሎ መለየት አያስፈልግም፣ ርዝመትና ስፋት ይበቃል። የማይሆን ጫማ በሦስት ቀን ውስጥ የሚለወጥበት ቃል ከነጋዴው ይወሰድ። አንድ ሰው አንድ ጥንድ የሚለው ገደብ ይኑር፤ ነገር ግን ልኩን ያላገኘ ሰው ወረፋው እንደተጠበቀለት ይቆይ። ማስመሪያና አንድ ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የምዝገባው ወረቀት ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስማችሁን ስትጽፉ የእግራችሁንም ርዝመት ጻፉ።