የቨርጂንያ የባሕር ሣር ጥፋትና መመለስ

በአሜሪካ በቨርጂንያ ግዛት፣ በአትላንቲክ ዳርቻ ባሉት ሰላጤዎች ውስጥ ቀድሞ ሰፊ የባሕር ሣር ይበቅል ነበር። ከ1930 እ.ኤ.አ. በኋላ የተዛመተ በሽታ አመነመነው፤ በነሐሴ ወር 1933 የተነሣው ዐውሎ ነፋስም የተረፈውን ጠራርጎ አጠፋው። ሣሩን ተጠግቶ የሚኖረው ስካሎፕ የተባለው ባለዛጎል እንስሳ አብሮ ስለ ጠፋ፣ እርሱን እያጠመደ የሚተዳደረው ሕዝብ ሲሳዩን አጣ።

ባሕሩ ሰባ ዓመት ያህል ራቁቱን ቀረ። ሣሩን ያስቀረው የዘር መታጣት እንጂ የውሃው መበላሸት አልነበረም። ከ1999 ወዲህ ሊቃውንት፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርና በጎ ፈቃደኞች ተባብረው ከሌላ ስፍራ ዘር እየለቀሙ ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘሩ፤ በ2020 ሣሩ 3,600 ሄክታር ያህል ሸፍኖ ተገኘ።

እንግዲህ የቀድሞውን ልማት መዝግቦ ያላቆየ ትውልድ ባዶውን ባሕር እንደ ተፈጥሮ ሥርዐት ይቀበለዋል፤ የጠፋውንም ለመመለስ አይነሣም።