መንገዱ የወለዳቸው ከተሞች

በየመንገዱ ዳር ባሉ ትንንሽ ከተሞች ሰው በመኪና በተገጨ ቁጥር የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ «እግረኛው ሳያይ ገባ»። የእነዚህን ከተሞች አመጣጥ ያየ ሰው ግን ይህን ለማለት አይቸኩልም።

ሞጆና መተሐራ በመጀመሪያ የባቡር ጣቢያ ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ሰዓት ነበረው፤ ሲቃረብ ያፏጫል፣ ሲደርስ ይቆማል። ገበያውም የደራው በመቆሙ ነው። መኪና ሲመጣ ይህ ቀረ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የዘረጋቸው መንገዶች በዋናነት ወታደርና ስንቅ ለማመላለስ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካ ባለሙያዎች እገዛ እነዚያኑ መንገዶች መጠገን ያዘ። በዳር በዳሩ ሾፌር የሚበላበት ሆቴል፣ ጎሚስታ፣ ነዳጅ ማደያ ተተከለ፤ ከኋላ መኖሪያ፣ ከማዶ ትምህርት ቤትና ገበያ ተከተለ። ሁለት ትልልቅ ከተሞችን ለማገናኘት የተሠራው አስፋልት የልጆች መሻገሪያም፣ የጋሪ መሄጃም፣ የበግ መንጃም ሆኖ አረፈው።

ነገሩ የከፋው በኋላ ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳና አሰብ ሲዘጋ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ በጅቡቲ መስመር ላይ ወደቀ። በዚያው ሰሞን የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ከ26 ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረውን መንገድ በ20 ዓመት ውስጥ ከ100 ሺሕ አሳለፈው። ትልቅ ሥራ ነው፣ የሚክደው የለም። ግን አስፋልቱ በለሰለሰ ቁጥር ፍጥነቱም ጨመረ። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው ለቀልድ ብቻ አልነበረም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ሾፌሩ ፍሬን እስኪረግጥ ባለችው አንዲት ሰከንድ ብቻ 22 ሜትር ይነጉዳል። ልጅ ያዘለች ገበያተኛ በዚያች ሰከንድ አንድ እርምጃ ብትራመድ ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ከአዲስ አበባ አዳማ የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ፈጣን መንገድ ግራና ቀኙ ታጥሮ እግረኛና ጋሪ ተከልክሎበታል። ሰውና መኪና መለየት እንደሚቻል ታወቀ ማለት ነው። በአሮጌው መስመር ያሉት ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሳቸው ቶሎ የሚደበዝዝ ዜብራ ነው።

ከከተማው ውጭ የሚያልፍ መንገድ ይሠራ ቢባል ሆቴሉም ጎሚስታውም ደንበኛ ያጣል፤ ከተማው ሲፈጠር ጀምሮ የሚበላው ከዚያ አስፋልት ነውና። ስለዚህ የሚቀርበው መላ በትምህርት ቤቱና በገበያው በር ላይ የፍጥነት መግቻና ከፍ ያለ መሻገሪያ መሥራት ነው፤ ያውም አስፋልቱ ሲነጠፍ፣ በዚያው ውል። ኋላ ይሠራል ከተባለ ለወረዳው ይተዋል፤ የወረዳ በጀት ደግሞ ከደመወዝ ብዙም አያልፍም።