ባለ አንድ ቧንቧ የእንፋሎት ማሞቂያ

በኒውዮርክና በሌሎች የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ከተሞች፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሠራ የቤት ማሞቂያ። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወጥቶ በየክፍሉ ያለውን የብረት ራዲያተር ያሞቃል፤ ሙቀቱን ሲለቅ ወደ ውኃነት ተመልሶ በዚያው ቧንቧ ይወርዳል። ፓምፕ የለውም፤ ውኃውን የሚመልሰው የመሬት ስበት ነው። ይህ ቀላልነቱ ነው ዕድሜ የሰጠው።

ጥገናው በአብዛኛው የተዳፋትና የአየር ጉዳይ ነው። ራዲያተሩ ወደ ቧንቧው በኩል በትንሹ ማዘንበል አለበት። ወለሉ ሰምጦ ውኃ ከተጠራቀመ፣ እንፋሎቱ ውኃውን እየገፋ ከብረቱ ጋር ሲያላትመው እንደ መዶሻ ይደበድባል። ነዋሪውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ይህን ድምፅ ብዙ ጊዜ ከራዲያተሩ እግር ሥር የገባ ሽብልቅ ጸጥ ያሰኘዋል። የራዲያተሩ ቫልቭ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል ወይ ይዘጋል፤ በከፊል መክፈት ያንኑ ድብደባ ይጠራል። አየር ማስወጫው ከተደፈነ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። ያኔ የቦይለሩን ግፊት መጨመር ነዳጅ ማባከን ነው፤ ለመኖሪያ ቤት በካሬ ኢንች ከ2 ፓውንድ በታች ይበቃል።

የአሮጌ ቧንቧዎች ልባስ ለጤና ጎጂ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ያለ ባለሙያ መነካት የለበትም። ሥርዓቱ ቤት አያቀዘቅዝም፤ ለበጋው ሙቀት ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሂት ፓምፕ የተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ማሞቁንም ማቀዝቀዙንም ይሠራል፤ ነገር ግን የመስኮቱና የጣሪያው ክፍተት አስቀድሞ ካልተደፈነ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ መሣሪያ ያስገዛል።