ኮንቱር፦ የእኩል ከፍታ መስመር

ኮንቱር ማለት ከባሕር ወለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች አገናኝቶ በካርታ ላይ የሚሰመር መስመር ነው። በአማርኛ «የእኩል ከፍታ መስመር» ቢባል ሥራውን በትክክል ይገልጻል። «የከፍታ መስመር» ማለት ያጥራል፤ ዋናውን ነገር፣ እኩልነቱን፣ ስለሚጥል ግን አልመርጠውም። የምዕራብ ሸዋ ገበሬ መስመሩን በማሳው ያውቀዋል፦ የግብርና ባለሙያ ገመድና ውሃ ልክ ይዞ እርከን ሲቀይስ መሬት ላይ የሚያሰምረው ይህንኑ ነው።

በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ባለ 1፡50,000 ካርታዎች ላይ ኮንቱር ቡናማ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ደን አረንጓዴ ነው። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 20 ሜትር ሲሆን በየ100 ሜትሩ አንዱ ይደምቃል። ከአምቦ (2,100 ሜትር ገደማ) እስከ ወንጪ ተራራ አናት (3,386 ሜትር) ለመውጣት ከ60 በላይ መስመር መሻገር አለ ማለት ነው። መስመሮቹ ሲጠጋጉ አቀበቱ ይከብዳል፤ ሲራራቁ ሜዳ ነው።

መስመሮቹ ወንዝ ሲያቋርጡ ደግሞ ይሾሉና ጫፋቸውን ውሃው ወደሚመጣበት ይቀስራሉ። በሸንተረር ላይ ተቃራኒው ነው፤ ሹሉ ወደ ቁልቁለቱ ይዞራል። ይህን የለመደ ሰው የዚህን አካባቢ ትልቁን ጉዳይ፣ የውሃ ክፍፍሉን፣ ቁጭ ብሎ ያነባል። ከደንዲ ሐይቅ የሚወጣው ሁሉቃ አምቦን አልፎ ከጉደር ጋር ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ በጊንጪ አካባቢ ያለው ከፍታ አዋሽን ያመነጫል፤ የወንጪ ሐይቅ ውሃ ደግሞ በወልጋ በኩል ወደ ጊቤና ኦሞ ይወርዳል። ጎረቤት ተራሮች ውሃቸውን ለሦስት ተፋሰስ ያድላሉ፤ ድንበሩን የሚያሳየው የኮንቱሩ መታጠፍ ነው።

አሮጌ ካርታ ሁሉም ነገሩ እኩል አያረጅም። አምቦን በቀድሞ ስሟ «ሀገረ ሕይወት» ብሎ የሚጠራ ካርታ እንኳ ስለ ተራራው የሚለው ዛሬም ይሠራል። በጊንጪ አጠገብ ጭሊሞ ላይ የተቀባው አረንጓዴ ግን እንደዚያ አይታመንም፤ የጥዱና የዝግባው ደን ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመናምኗል። እንዲህ ያለ ካርታ እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ ኅዳጉ ላይ የአየር ፎቶው የተነሣበትን ዓመት ፈልጉ፤ ከኅትመቱ ዓመት ሊቀድም ይችላል።