መውለድ ያቆሙት ዝሆኖች

ቻድ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በረሃና መፈንቅለ መንግሥት ነው። እናላችሁ፣ በዚያች አገር ደቡብ ምሥራቅ፣ ሳላማት በሚባለው አካባቢ፣ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ዛኩማ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። የተከለለው በ1963 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ክረምት ላይ ሜዳው በጎርፍ ይዋጣል። በጋ ሲገባ ውኃው እየሸሸ በየኩሬው ሲሰበሰብ፣ ባለ ዘውድ ኩርኪው፣ ፔሊካኑ፣ አባ ኮዳው (አዎ፣ ያ የሐዋሳው አባ ኮዳ) በመንጋ ይሰፍርበታል። ዝሆኑም ለመጠጣት ወደዚያው ይወርዳል።

ታዲያ ለወፎቹ ገነት የሆነው ውኃ ለዝሆኖቹ መዘዝ ይዞ መጣ። ክረምቱ ሲጠነክር መንገዱ ይቆረጣል፤ የፓርኩ ሠራተኛ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። ዝሆኖቹም ረግረጉን ሸሽተው ከፓርኩ ክልል ወጥተው ይሰማራሉ። ከሱዳን በኩል በፈረስ የሚመጡት ጥርስ አዳኞች የሚጠብቁት ይህችኑ ወቅት ነበር። በ2002 ከ4,000 በላይ የነበረው ዝሆን በ2010 ወደ 450 ወረደ። ስምንት ዓመት!

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚከብደኝ የተረፉት ኑሮ ነው። ቀድሞ በየቤተሰቡ ተበታትኖ ይግጥ የነበረው ሁሉ በፍርሃት አንድ ላይ ታጭቆ ከቦታ ቦታ መሮጥ ያዘ፤ መውለድም አቆመ ማለት ይቻላል። በ2011 ሲቆጠር የተገኘው ግልገል አንድ ብቻ ነበር።

አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት ከቻድ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በ2010 አስተዳደሩን ሲረከብ የወሰደው ዋና እርምጃ ሲነገር ቀላል ነው፤ ክረምቱንም እዚያው መቆየት። ክረምት ከበጋ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ተሠራ። ዝሆኖቹ አንገት ላይ የሳተላይት መከታተያ ታሰረ። ስካውቶቹም በፈረስ ሆነው መንጋውን ከፓርኩ ውጭ ሳይቀር ተከተሉት። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ፤ በሴፕቴምበር 2012 ሄባን በሚባለው ኮረብታ ላይ ስድስት ስካውቶች የማለዳ ሶላት ላይ እንዳሉ ተገደሉ። ስለ ዛኩማ ሲወራ ምስጋናው ቶሎ ብሎ ወደ ፈረንጆቹ ሥራ አስኪያጆች ይሮጣል። እነዚህ ስድስቱ ግን የቻድ ልጆች ናቸው።

በ2014 ፕሬዚዳንት ኢድሪስ ዴቢ እዚያው ዛኩማ ተገኝተው ከአንድ ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አቃጠሉ። ለካሜራ የሚመች ትዕይንት ነበር። እኔ ግን የምወደው በ2018 የተደረገውን ቆጠራ ነው፤ 559 ዝሆን፣ ከእነሱም ውስጥ 127ቱ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ግልገሎች።