በደም ብዛት የማይለካ ፍርሃት፦ «ሃሎዊን» (1978) ለታዳጊ ተመልካች ይሆናልን?

አጠቃሎ

አንድ አስፈሪ ፊልም ለልጆች መሆን አለመሆኑ ሲመዘን ቀድሞ የሚታየው የሚፈሰው ደም ነው። ይህ መጣጥፍ የጆን ካርፔንተርን «ሃሎዊን» በማሳያነት ወስዶ፣ ቤት፣ ጠባቂና የታሪክ ፍጻሜ ለልጅ ዋስትናዎቹ በመሆናቸው ፊልሙ እነሱን ምን እንደሚያደርጋቸው መጠየቅ የተሻለ መመዘኛ ነው ሲል ይከራከራል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

«ስላሸር» የሚባለው የአስፈሪ ፊልም ዘውግ አንድ ገዳይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጭምብል አጥልቆና ስለት ይዞ፣ ወጣቶችን አንድ በአንድ እያደነ የሚገድልበት ነው። ለዘውጉ መስፋፋት ትልቅ ድርሻ ያለው «ሃሎዊን» ራሱ አስፈሪ ፊልም የሚያይ ሕፃን ያሳየናል። ቶሚ የተባለው ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ በ1951 የተሠራውን «ዘ ቲንግ ፍሮም አናዘር ወርልድ» ያያል። የምትጠብቀው ሎሪ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ልጁ በመስኮት የሚያስፈራ ሰው እንዳየ ሲነግራት፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብላ ታባብለዋለች። ሰውየው ግን በእርግጥ ውጭ አለ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፦ የፈራ ልጅ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ፊልሙስ ያንን ይሰጠዋል ወይስ ይነጥቀዋል?

ምደባው የሚያየውና የሚያልፈው

አሜሪካ ውስጥ አሁን የሚሠራበት የፊልም ምደባ የተጀመረው በ1968 ነው። «ሃሎዊን» ያገኘው «አር» የተባለው ደረጃ፣ ከ17 ዓመት በታች ያለ ተመልካች ያለ ወላጅ ወይም ያለ አዋቂ አሳዳጊ ሲኒማ እንዳይገባ ያግዳል። በ1984 ደግሞ «ግሬምሊንስ» እና «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ቴምፕል ኦፍ ዱም» የወላጆችን ቅሬታ ካስነሡ በኋላ «ፒጂ 13» የሚል መካከለኛ ደረጃ ተጨመረ። ደረጃዎቹ ይጠቅማሉ፤ ሆኖም ሊቆጠር የሚችለውን፣ ማለትም ቁስልን፣ እርቃንን፣ ስድብንና አደንዛዥ ዕፅን፣ መቁጠር ይቀናቸዋል።

ቆጠራው የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳየው የቶቢ ሁፐር «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር» (1974) ነው። ሁፐር ለስለስ ያለ ደረጃ አገኛለሁ ብሎ የሚታየውን ደም ቢቀንስም የተሰጠው «አር» ነበር። የብሪታንያ የፊልም ሳንሱር ቦርድ ደግሞ በ1975 ፈቃድ ነፈገው። ክፉ ክፉውን ቆርጦ ማስተካከል አልተቻለም፤ ሽብሩ በፊልሙ ሁለመና ተሠራጭቶ ነበርና። ድባብ በመቀስ አይቆረጥም። ፊልሙ ሳይቆረጥ፣ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የተፈቀደው በ1999 ነው።

ደም ያነሰበት ሽብር

በ«ሃሎዊን» አምስት ሰዎች ይገደላሉ፤ የሚታየው ደም ግን እንደ «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» (1980) ካሉ ተከታዮቹ እጅግ ያንሳል። ክብደቱ ሌላ ቦታ ነው።

በመክፈቻው ካሜራው ገዳዩን ሆኖ ያያል። ተመልካቹ ማንነቱን ሳያውቅ ከማዕድ ቤት ቢላ ያነሣል፤ በጭምብል ቀዳዳ እየተመለከተ ይወጋል። ጭምብሉ ሲገለጥ ገዳዩ የስድስት ዓመቱ ማይክል፣ ሟቿም የገዛ እኅቱ ሆና ትገኛለች። ለምን ገደላት ለሚለው ፊልሙ መልስ አይሰጥም። ከ15 ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚገባውም ተራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ነው። ወላጆች የሉም። ሎሪ ቆስላ የጎረቤት በር ስትደበድብ የበረንዳው መብራት ይበራና መልሶ ይጠፋል። በመጨረሻም የአእምሮ ሐኪሙ ሉሚስ ስድስት ጥይት ተኩሶበት ከሰገነት የወደቀው ገዳይ፣ ከወደቀበት ይታጣል። ካሜራው ባዶ ክፍሎችን ሲያሳየን ትንፋሹ ይሰማል።

ልጅ የሚፈራው

የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ጆአን ካንተር ለረጅም ዓመታት ያጠናችው ፊልምና ቴሌቪዥን በልጆች ላይ የሚያሳድሩትን ፍርሃት ነው። እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ያሉ ሕፃናትን አብዝቶ የሚያስፈራቸው መልኩ አስፈሪ የሆነ ነገር ነው፤ ከፍ ያሉትን ደግሞ በእውን ሊደርስብን ይችላል የሚሉት። ማጽናኛውም ይለያያል፤ ለትንሹ እቅፍ ይሻለዋል፤ ትልቁን ማስረዳት ይረዳዋል። ካንተር ከክሪስተን ሃሪሰን ጋር በ1999 ባሳተመችው ጥናት፣ ከተጠየቁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ቀድሞ ያዩት ፊልም ወይም የቴሌቪዥን ዝግጅት ያሳደረባቸው ፍርሃት አብሯቸው እንደቆየ ተናግረዋል፤ ሩብ ያህሉ ጥናቱ ሲካሄድም አልለቀቃቸውም ነበር።

ይህ ማለት ልጅ ፈጽሞ አይፍራ ማለት አይደለም። እኛም «አያ ጅቦ» እየተባልን አድገናል። ተረት ነጋሪዋ አያት ግን የልጁን ፊት እያየች ትናገራለች፤ ዓይኑ ሲፈጥ ድምፅዋን ታለዝባለች። በብዙው ተረት ጅቡ በመጨረሻ ይታለላል፤ «ተረቴን መልሱ» ሲባልም ታሪኩ ይዘጋል። ፊልም የልጁን ፊት አያይም። «ሃሎዊን» ደግሞ ሆነ ብሎ ታሪኩን ሳይዘጋ ይለየዋል።

ሦስት መመዘኛዎች

ስለዚህ ደም ከመቁጠር በፊት ሦስት ነገሮች ይጠየቁ። አንደኛ፣ በታሪኩ ውስጥ መጠጊያና የሚታመን ሰው ይቀራል? «ሃሎዊን» በከፊል አዎ ይላል፤ ቤቱ ቢደፈርም ሎሪ ቶሚንና አብራው ያለችውን ሕፃን ታድናለች። ሁለተኛ፣ ካሜራው ከአሳዳጁ ጋር ያቆመናል ወይስ ከተሳዳጁ? እዚህ ሁለቱም አለ፦ በገዳዩ ዓይን የጀመረው ፊልም እየቆየ ወደ ሎሪ ይጠጋል። ተመራማሪዋ ካሮል ክሎቨር በ1992 መጽሐፏ «የመጨረሻዋ ልጃገረድ» ብላ የተነተነችው ይህንን መዞር ነው። ሦስተኛ፣ ታሪኩ ይዘጋል? አይዘጋም።

በዚህ ሚዛን «ሃሎዊን» ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም፤ ደሙ ማነሱም ፍርዱን አይለውጠውም። ከ13 እስከ 15 ላለው የሚወስነው ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው፦ ቤት ብቻውን ያመሻል? የፈራውን ይናገራል ወይስ ውጦ ይተኛል? ከዚያ በላይ ላለው ፊልሙ ጥሩ መወያያ ነው፤ ከወንድ ጓደኞቻቸው ጋር ለመሆን የሚጣደፉት የሎሪ ባልንጀሮች ሞተው ሎሪ መትረፏ ምን ይነግረናል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መደምደሚያ

የ«አር» ደረጃ የተሠራው ትኬት ቆራጭ ለሚቆምበት በር ነው። ዛሬ ፊልሙ በስልክ፣ በብርድ ልብስ ውስጥ፣ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ሊታይ ይችላል፤ በዚያ ትኬት ቆራጭ የለም። የቀረው በር ጠባቂ ቤተሰብ ነው፤ ሥራውም ከመከልከል ይሰፋል። አስቀድሞ ማየት፣ አብሮ መቀመጥ፣ ከተፈራም በኋላ አለመራቅ ይጠይቃል። ሎሪ ቶሚን ያባበለችበት ቃል ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ያተረፈው ትታው አለመሄዷ ነው።