ቤትና መቃብር በአንድ አጥር፦ ደብረ ፀሐይ ቍስቋም

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በተራራ ግርጌ የሚገኘው ደብረ ፀሐይ ቍስቋም እቴጌ ምንትዋብ በ1730ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሠሩት ግቢ ሲሆን፣ መኖሪያቸውም መቀበሪያቸውም ሆኗል። ስሙ የተወሰደው ድንግል ማርያም ከሄሮድስ ሸሽታ ከልጇ ጋር ካረፈችበት የግብፅ ደብር ነው። የግቢው ታሪክ የሚያስነሣው ዋና ጥያቄ መኖሪያው ፈርሶ ሳለ መቃብሩ እስከ ዛሬ ስለ ምን ጸና የሚለው ነው።

ከጎንደር ነገሥታት ዐፄ ፋሲለደስ በደጋ እስጢፋኖስ፣ ቀዳማዊ ኢያሱም በምጽራሕ፣ ማለትም ከመናገሻቸው ርቀው በጣና ደሴቶች ተቀብረዋል። የቋራ ተወላጅ የሆኑት ምንትዋብ ግን፣ ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው ሲገዙ፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የግብር አዳራሹንና በቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተቀረጹ መስቀሎች ያጌጠውን እልፍኛቸውን ጎን ለጎን አሳነጹ። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በዚሁ ግቢ ተቀምጦ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥቱን ልጆች አክሟል።

ብሩስ በደረሰበት ጊዜ ግን የቤቱ ኃይል ተሰብሮ ነበር። ዳግማዊ ኢያሱ በ1755 ካረፉ በኋላ የምንትዋብ የቋራ ዘመዶችና አባቱን ተክቶ የነገሠው የኢዮአስ እናት የውቢት ወገኖች በሥልጣን ተቀናቀኑ፤ በዚህ ሽኩቻ መካከል ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ንጉሡን ኢዮአስን አስገደሉ። እቴጌዪቱም በ1773 ዐርፈው በቍስቋም ተቀበሩ፤ ዛሬም የእርሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አጽም ነው ተብሎ የሚጠበቀው በመስታወት በሚታይ ሣጥን ውስጥ ይገኛል።

እልፍኙና አዳራሹ ህልውናቸው በእቴጌዪቱ ሥልጣን ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር ከሥልጣኑ ጋር ጠባቂ አጡ። ለቤተ ክርስቲያኑ ግን ርም ተተክሎለት ነበር፤ ርም ማለት ባለይዞታው ለደብሩ አገልግሎት የሚሰጥበት፣ ሊወረስና ሊሸጥ የሚችል፣ ዝውውሩም በደብሩ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሚመዘገብ መሬት ነበር። በዚህ ሥርዓት የመቃብሩ ጠባቂነት ከአንድ ቤተ ሰብ እጅ ወጥቶ የብዙ አገልጋዮች ጥቅምና ግዴታ ሆነ።

በ1888 ደርቡሾች (የሱዳን ማህዲ ተከታዮች) ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቍስቋምም ተቃጥሏል፤ ነገር ግን በኋላ እንደገና የተሠራው ቤተ ክርስቲያኑ እንጂ ቤተ መንግሥቱ አይደለም። ርም ራሱ በ1975ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ቢቀርም፣ ግቢው በ1979 በከተማው ካለው የነገሥታት ቅጥር ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ምእመናኑም የማርያም ስደት የሚታሰብበት የጽጌ ጾም በሚያበቃበት በኅዳር 6፣ በቍስቋም በዓል፣ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ መቃብሩን ያጸናው የግምቡ ጥንካሬ ሳይሆን፣ መጀመሪያ በመሬት፣ ኋላም በበዓል የተያዘው አገልግሎት ነው።